ችግርን ያለፉ ሰዎች በስዕል መጽሐፍ፦ ለወሎ ልጆች የቱን እናንብብ?

ለትንንሽ ልጆች የሚዘጋጅ የስዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። በዚያ ላይ ግማሹን ስዕል ይወስደዋል። የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት እዚህ ውስጥ ይግባ ከተባለ ብዙ ነገር መቅረት አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ያ የሚቀረው ነገር ነው። መጽሐፉ “ችግርን ያሸነፈ ሰው” ታሪክ ሲሆን መጀመሪያ የሚቆረጠው ችግሩ ከየት እንደመጣ ነው። ቀጥሎ የሚቆረጡት ሸክሙን አብረው የተሸከሙት ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ የሚተርፈው አንድ ጀግና ልጅና አንድ ምክር ይሆናል፦ ጠንክር፣ ተስፋ አትቁረጥ፣ ይሳካልሃል።

ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ደሴ፣ ወልዲያ ወይም ቆቦ ላለ ልጅ ሲነበብለት ምን ይሰማዋል? ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ከዚያ ወዲህም በክልሉ ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ልጅ “እሱ ጠንክሮ ተሳካለት” ብለን ካቆምን፣ ልጁ በልቡ የሚጨርሰው ሌላ ነገር ነው። “እኔ ያልተሳካልኝ ስላልጠነከርኩ ነው” ይላል። ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ ጥፋቱን ራሱ ላይ ይጭናል ማለት ነው። ይህን አደጋ ቀላል አድርጌ አላየውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጄ ሲገባ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ችግሩን ማን ወይም ምን አመጣው? ልጁን ማን አገዘው? በዓለም በደንብ የታወቁ ጥቂት መጻሕፍትን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ከጋናው ኢማኑኤል ኦፎሱ የቦዋ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ እግሩ ሳይጠና ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በአንድ እግሩ ብስክሌት እየነዳ፣ በአሥር ቀን ውስጥ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አገሩን አቋረጠ። ታሪኩን “የኢማኑኤል ህልም” ብላ የጻፈችው ሎሪ አን ቶምፕሰን ናት፤ ስዕሉ የሾን ኳልስ ነው። መጽሐፉ ሲከፈት ሕፃኑን በአካሉ ይቆጥረዋል። የሚያዩ ሁለት ዓይኖች አሉ። ኃይለኛ ጩኸት የሚያወጡ ሁለት ሳንባዎች አሉ። የሚጨበጡና የሚዘረጉ ሁለት ትንንሽ እጆች አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የምትራገጠው አንድ እግር የምትመጣው። ልጁ ገና በመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ሰው ሆኖ ተቀመጠ።

ቀጥሎ አባትየው ጥሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ሰዎች ልጁ እርግማን ነው ይላሉ። ይህን ገጽ ለወሎ ልጅ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አካል ጉዳተኛ ልጅ ሲወለድ “የፈጣሪ ቁጣ ነው” የሚል ጎረቤት እኛም ዘንድ አለ። እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ የሚያስገባ ቤተሰብም አለ። መጽሐፉ ይህን ሳይሸሽ ፊት ለፊት ማስቀመጡን በጣም እወድለታለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ልጆቹ አላጫውትህም ሲሉት ኢማኑኤል ገንዘብ አጠራቅሞ ኳስ ይገዛል። ካጫወታችሁኝ በኳሴ ትጫወታላችሁ ይላቸዋል። በክራንች ገብቶ ይጫወታል፣ ይከበራል። ብዙ አንባቢ “ጎበዝ፣ ብልጥ ልጅ” ብሎ ገጹን ይገልጣል። እኔ ግን ልጆቹን አንድ ነገር እንጠይቃቸው እላለሁ። ኳስ መግዣ ባያገኝስ ኖሮ? ሌሎቹ ልጆች በነፃ የሚገቡበትን ሜዳ እሱ ከፍሎ ነው የገባው። መጽሐፉ ይህን አይልም። የሚያነበው ሰው ሊለው ይችላል።

ኢማኑኤል ብስክሌቱን ያገኘው ካሊፎርኒያ ለሚገኝ፣ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞችን ለሚደግፍ ድርጅት ደብዳቤ ጽፎ ነው። ከእሱ ጉዞ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጋና የአካል ጉዳተኞች ሕግ አወጣች። ሕጉ የመጣው በብዙ ሰዎች ትግል ነው፤ የኢማኑኤል ብስክሌት ከትግሉ አንዱ ነበር። እንዲህ ካልነው ለልጁ እውነት ነገርነው፤ የኢማኑኤልንም ክብር አልቀነስንም።

የአሜሪካዊቷ ሯጭ የዊልማ ሩዶልፍ ታሪክ በዚህ ረገድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ቴነሲ ውስጥ ተወለደች፤ ከ22 ልጆች 20ኛዋ። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እግሯ ሰነፈ። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ሦስት ወርቅ አሸነፈች። ካትሊን ክረል የጻፈችው፣ ዴቪድ ዲያዝ የሳለው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እዚያ ውስጥ እናትና ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን አውቶቡስ ይሳፈራሉ። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ናሽቪል ይሄዳሉ። ለምን ያን ያህል ርቀት? ጥቁር በሽተኛ የሚቀበለው ሆስፒታል ያ ስለነበረ ነው። አውቶቡሱ ውስጥም ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ሕፃን ልጅ ይህን ሲሰማ የታመመው የዊልማ እግር ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። እግሯን ፖሊዮ ጎዳው፤ መንገዱን ያረዘመው ግን ሰው ያወጣው ሕግ ነው። በሽታንና በደልን ለይቶ ማሳየት ለልጅ መጽሐፍ ከባድ ሥራ ነው፤ እዚህ በአንድ ጉዞ ተሠርቷል።

የሉዊ ብሬል ግን የእኔ ምርጥ ነው።

ሉዊ እ.ኤ.አ. በ1809 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ሉዊ በሦስት ዓመቱ የአባቱን ወስፌ አንስቶ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ ወደ ሌላኛው ዓይን ተዛምቶ ሁለቱንም አጣ። በ15 ዓመቱ ዓይነ ስውራን በጣት እየዳሰሱ የሚያነቡትን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የስድስት ነጥብ ጽሑፍ ፈጠረ። ጄን ብራያንት የጻፈችው፣ ቦሪስ ኩሊኮቭ የሳለው “ስድስት ነጥቦች” የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ተራኪው ራሱ ሉዊ ነው። ማየት ሲያቆም ስዕሉም ይጨልማል፤ ጥቁር ገጽ ላይ ቀጭን መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። አንባቢው ሉዊን ከውጭ ሆኖ “ሲያሳዝን” አይልም። ጨለማው ውስጥ አብሮት ይገባል።

ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ ሥራ ይጀምራል። አባት ምርኩዝ ይሠራለታል። እህቶቹ በገለባ ፊደል ያበጁለታል። ከእናቱ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል፤ ነጥቦቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል። የሰፈሩ ቄስ ያስተምሩታል። አንዲት ባለ ስም ሴት ደብዳቤ ጽፈው ፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እንዲገባ ያደርጋሉ። እዚያ ደግሞ ባርቢዬ የተባለ መኮንን በጨለማ ለሚያነቡ ወታደሮች ያዘጋጀው የነጥብ ጽሑፍ ይደርሰዋል። ያ ጽሑፍ 12 ነጥብ ስለነበረ ለጣት አይመችም ነበር። ሉዊ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ወደ ስድስት አወረደው።

ዶሚኖውን እዩልኝ። እናትና ልጅ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው የሚዳስሷቸው ነጥቦች ከብዙ ገጽ በኋላ በሌላ መልክ ይመለሳሉ። ልጅ ይህን ራሱ ያገኘዋል፤ ማንም ሳይነግረው። ሉዊ ብልህ ነው፣ ታታሪ ነው። ነገር ግን ብልህነቱ የሚቆምበት ወለል የሠሩለት ሰዎች ሁሉም መጽሐፉ ውስጥ አሉ። ልጁን አብሽር የሚል ሰው ሲከበው ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የስዕል መጽሐፍ አላየሁም።

አሁን ወሎን በቀጥታ ወደሚነካው ልለፍ። የማላዊው ዊልያም ካምኳምባ በረሃብ ዘመን ከትምህርት ቤት ወጣ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2001 እና 2002 ነው። ቤተሰቡ 80 ዶላር የትምህርት ክፍያ ማግኘት አልቻለም። እሱ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የነፋስ ተርባይን ስዕል ያየበትን መጽሐፍ አነበበ። ከዚያ ከትራክተር ማራገቢያ፣ ከብስክሌትና ከፕላስቲክ ቱቦ የራሱን ሠራ። መንደሩ አበደ አለው፤ አምፖሉ በራ። የስዕል መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል፤ የሳለችው ኤሊዛቤት ዙኖን ናት። ሁለት ጓደኞቹ ሲያግዙት ይታያሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱም አለ። በእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ጥሩ ውጤት ያገኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግን ያንሳል። ረሃቡን ማን አመጣው? መጽሐፉ ፀሐይዋን ያሳየናል፤ ዝናብ ቀረ፣ በቆሎው ደረቀ፣ ሰው ተራበ። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የማላዊ መጠባበቂያ በቆሎ ረሃቡ ከመጥናቱ በፊት ተሽጦ ነበር። ይህ ለስምንት ዓመት ልጅ አይገባውም ይባል ይሆናል። የወሎ ልጅ ግን ይገባዋል፤ አያቱን ይጠይቅ።

የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በኢኮኖሚ ትምህርት ውስጥ ዋና ምሳሌ ሆኗል። ህንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ደሴ ገበያን አጥንቷል። ሰው እየሞተ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባና አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ መግዣውም አብሮ ጠፋ። ሰው የተራበው መግዛት ስላቃተው ነው። መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ይደብቅ ነበር። ለልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፦ “ገበያ ላይ እህል ነበር፤ እነሱ ግን መግዣ አልነበራቸውም።” ይህን የሰማ ልጅ ሰማይን ብቻ አይወቅስም።

ስለ ወሎና ስለ ምስል ካነሳን ኮረምን ማለፍ አይቻልም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያሳዩት የረሃብ ዘገባ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ኮረም ያኔ ወሎ ውስጥ ነበረች። በዚያ ዘገባ ርዳታ ጎረፈ፣ የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ። ይህን ማንም አይክድም። ግን ምስሉ ላይ ያሉት ልጆች ለሚያያቸው ዓለም ስም አልነበራቸውም። የማን ልጅ፣ ምን መጫወት የሚወድ፣ ማንን የሚመስል ሳይባል የርሃብ መልክ ሆነው ቀሩ። የኛ ሰው ውጭ አገር ሄዶ “ኢትዮጵያ? አዎ፣ ረሃብ” የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ለዚህ ነው የሕይወት ታሪክ ለወሎ ልጅ ትልቅ ነገር የሚሆነው። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የተቸገረው ሰው ስም አለው፤ ከችግሩ በፊትም በኋላም ይኖራል። ስለዚህ ሠዓሊ ሲመረጥ እጅግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎን የሚቆጠርበት፣ ዝንብ የወረረው ፊት ከእንግዲህ ይብቃን።

ከራሳችን ሰዎች አበበ ቢቂላን ልጥቀስ። አበበ የሸዋ ልጅ ነው፤ ለወሎ ልጅ ግን ባዳ አይደለም። ዊልማ ሦስት ወርቅ ባሸነፈችበት በዚያው የሮም ኦሊምፒክ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። ይህንን ታሪክ ስንናገር ሁለት ነገር እናበላሻለን። አንደኛ፣ “ጫማ መግዣ ያልነበረው ድሃ” እናደርገዋለን። ጫማ ነበረ፤ ስላልተመቸው ትቶት ሮጠ። በባዶ እግር መሮጥ የለመደው ነው፤ ምርጫ ነበር። ምርጫውን ወደ ድህነት ስንለውጠው ትልቅ ሰው ያሳነስን ይመስለኛል። ሁለተኛ፣ ታሪኩን ሮም ላይ እናቆመዋለን፤ ቢበዛ ቶኪዮ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ። እዚያ ወርቅ የለም፣ ክብረ ወሰን የለም። ችግር ሁልጊዜ በድል እንደማያልቅ ለልጅ የሚያሳይ ምዕራፍ ካለን ይህ ነው። የምንቆርጠው ግን እሱኑ ነው።

ወሎ የራሷ ሰው አላት። የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ1982 አማራ ሳይንት ተወለደች። በአምስት ዓመቷ በማጅራት ገትር ምክንያት ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕግ ባለሙያ ሆነች። ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ታሪኳን በአደባባይ ስትናገር አንድ ነገር ደጋግማ ታነሳለች። በአካባቢዋ ሴት ልጅ በልጅነቷ ለባል ትሰጥ ነበር። እሷ ግን ዓይነ ስውር ስለሆነች ለትዳር አትሆንም ተባለች። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት ገባች።

ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ፈተና ላይ ነው። ቀላሉ መንገድ “ዓይኗን ማጣቷ በረከት ሆነላት” ብሎ ማለፍ ነው። ጥሩ ይመስላል፣ ሼር ይደረጋል፣ ሞቲቬሽን ይሆናል። ግን ታሪኩ በውስጡ የያዘው እጅግ የሚያም ነገር ነው። ዓይናማ የሆኑት እኩዮቿ የት ደረሱ? ማየት የሚችሉት ልጆች ለትዳር ታጭተው፣ ማየት የማትችለው ለትምህርት ተረፈች። እኔ መጽሐፉን ብሠራው አንድ ሙሉ ገጽ ለአንዲት እኩያዋ እሰጣለሁ። ውሃ ልትቀዳ አብራት የምትሄድ ልጅ ትሳልልኝ። በሚቀጥለው ገጽ የትነበርሽ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ያቺ ልጅ ሰርገኛ በቅሎ ላይ ትቀመጥ። ጽሑፍ አያስፈልገውም። የስምንት ዓመቷ አንባቢ “ይቺስ ለምን አልሄደችም?” ብላ ትጠይቃለች። መልሱም ለልጅ የሚከብድ አይደለም። ትዳር ከ18 ዓመት በታች በሕግ ተከልክሏል፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ይህን የደነገገው በ1992 ዓ.ም. ነው። የትነበርሽና እኩያዋ ልጆች በነበሩበት ዘመን ይህ ሕግ ገና አልወጣም ነበር። አሁን ወጥቶም ገጠር ውስጥ ገና ያልደረሰባቸው ልጆች አሉ።

ሕግ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል አለ። ይሠራል እንጂ! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ አዝዟል። ለልጅ ይህ መወጣጫ ነው፤ ጋሪ የሚወጣበት፣ ክራንች የማያንሸራትት። ደሴ እንደምታውቋት ዳገት ናት። ክፍሏ ፎቅ ላይ የሆነ፣ መወጣጫ በሌለው ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ጥንካሬ አላነሳትም። መወጣጫ ነው የጎደላት። የጎደለውን በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ ለእሷም ለክፍል ጓደኞቿም ይጠቅማል።

እነዚህ የውጭ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ገበያ ላይም እንደልብ አይገኙም። በአንድ ቅጂ ግን ብዙ መሥራት ይቻላል። አንዱ ስዕሉን እያሳየ በአማርኛ ይተርክ፤ ወሎ ተረት የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም። ታዲያ ከመተረኩ በፊት መጨረሻው ላይ ያለውን “የደራሲው ማስታወሻ” ያንብብ። ለልጆቹ ተቆርጦ የቀረው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ በትንንሽ ፊደል ተቀምጧል። የሚጠቅመውን መርጦ ወደ ትረካው መመለስ ነው። “ጎበዝ ነበር” በሚለው ቦታ “እህቶቹ በገለባ ፊደል ሠሩለት” ይበል። ልጆቹን “አንተስ ምን ታሸንፋለህ?” ከማለት “ክፍላችን ውስጥ ምን ያስቸግረናል? ማን ሊያስተካክለው ይችላል?” ብሎ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ አሁን መልስ ለሌለው ልጅ ሸክም ነው። ሁለተኛው ለሁሉም ይበቃል።

የወሎን ልጆች መጽሐፍ በራሳችን ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከመጀመሪያው ማየት የማይችለውንም ልጅ ያስብ። ስለ ሉዊ ብሬል የተጻፈ መጽሐፍ ለዓይነ ስውር ልጅ የማይነበብ ከሆነ ትልቅ ስህተት ነው። አማርኛ የራሱ ብሬል አለው፤ በእነዚያው ስድስት ነጥቦች ነው የሚጻፈው። ጽሑፉ አጭር ስለሆነ በብሬል ማዘጋጀቱ ብዙ ወረቀት አይፈጅም። ስዕሎቹን ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቃል ይግለጻቸው፦ ማን ቆሟል፣ ምን ይዟል፣ ፊቱ ምን ይመስላል። ይህን በስልክ ቀድቶ በቴሌግራም ወይም በሚሞሪ ካርድ ሳይንትም፣ ወረኢሉም፣ ላስታም ማድረስ ይቻላል። አንባቢዋ የወሎ አነጋገር ያላት ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል።